ባላንጣ ያጣ ክንፍ

ጉንደ ወይን በብቸናና በሞጣ መካከል ያለች ከተማ ናት። በብቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከየአገሩ ሲመጣበት የኖረ ደብር። በሞጣ በኩል የአውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ ሞጣ በዓለም አቀፉ የማረፊያዎች መዝገብ ላይ የራሷ ባለ ሦስት ፊደል መለያ አላት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ተቀምጦ የሚያስብ ሰው አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። በገዛ እጁ አውሮፕላን ሠርቶ ለመብረር የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ምን ያስፈልገዋል? ገንዘብ የሚል አለ፤ ሞተር የሚል አለ፤ ትምህርት የሚልም አይጠፋም። የእኔ መልስ ለጆሮ ሳይጎረብጥ አይቀርም። የሚያስፈልገው ባላንጣ ነው።

የአገራችን ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ ሲያዩት ግን ብልህ ጸሎት ነው። ምቀኛ ያለው ሰው ይጠነቀቃል፤ ሥራውን ሁለት ጊዜ ያያል፤ ሳያጣራ አደባባይ አይወጣም። ችግሩ ጸሎቱ ሁለት ዓይነት ሰዎችን በአንድ ስም መጥራቱ ላይ ነው። አንደኛው እንድትወድቅ የሚመኝ ነው። ሁለተኛው ሊበልጥህ የሚመኝ ነው። ሰርግና ለቅሶ ላይ፣ ገበያና ቢሮ ውስጥ ሁለቱ ተመሳስለው ሊያልፉ ይችላሉ። ሰው ራሱ በሠራው ክንፍ ከመሬት በሚነሣበት ሜዳ ላይ ግን ልዩነታቸው የሞትና የሕይወት ነው።

በዚህ ጉዳይ ከእኛ አገር ስሙ በሰፊው የተነሣው ሰው አስመላሽ ዘፈሩ ነው። የጤና ባለሙያ ነው። ልጅ ሳለ ጀምሮ አብራሪ መሆን ይመኝ ነበር፤ ለበረራ ትምህርት ሲያመለክት ቁመቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር አነሰ ተብሎ ቀረ። እርሱ ግን ነገሩን በዚያ አልተወውም። መጻሕፍት አገላበጠ፣ በዩቲዩብ የሚለቀቁ ትምህርቶችን ተከታተለ፣ የአሮጌ ቮልስ ሞተር አገኘና የራሱን አውሮፕላን መሥራት ጀመረ። ስሟን ኬ-570ኤ አላት። የመጀመሪያ ፊደሏ የእናቱ የኪሮስ መታሰቢያ ናት፤ ቁጥሩ ሥራው የፈጀበት ቀን ነው። በ2007 ዓ.ም. ያደረገው የመጀመሪያ የበረራ ሙከራ አልተሳካም። ወሬው ግን ከአገር አልፎ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተሰማ።

ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንዱ ያጨበጭባል፤ ሌላው ይስቃል። ያጨበጨበው ሞተሩን ጠጋ ብሎ አላየውም፤ የሳቀውም አላየውም። በእነዚያ 570 ቀናት ውስጥ እንዲህ ላለ ሠሪ የጎደለውን ሳስብ ወደ ሐሳቤ የሚመጣው ሦስተኛው ሰው ነው። እርሱም በአጥር ማዶ ሌላ ክንፍ እየሠራ ያለ፣ በየሳምንቱ እየመጣ «ይህን እንዴት አደረግኸው? እኔ በዚህ በኩል አስሬዋለሁ፤ ያንተ አይይዝም» የሚል ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በዩቲዩብ ማግኘት አይቻልም። ዩቲዩብ ያሳያል እንጂ አያይም።

ይህ ሦስተኛ ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ሞተሩን ራሱን ማየት ይበቃል። የመኪና ሞተር መንገድ ላይ ሲኖር ኑሮው የተደላደለ ነው። ዳገት ላይ ይደክማል፣ ቁልቁለት ላይ ያርፋል፣ ከተማ ውስጥ መብራት ሲይዘው ይተነፍሳል። ሙሉ ጉልበቱን የሚጠየቀው አልፎ አልፎ፣ ለጥቂት ጊዜ ነው። አውሮፕላን ላይ ሲሰቀል መሬት እስኪለቅና ከፍታውን እስኪይዝ ያለውን ሁሉ ይጠየቃል፤ ከዚያም በኋላ ከጉልበቱ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን ያለ ዕረፍት መስጠት አለበት። ፕሮፔለሩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጫፉ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ ጩኸቱ ይጨምራል፤ የሚጎትትበት ጉልበት ግን ይባክናል። ስለዚህ ረጋ ብሎ መዞር ይፈልጋል። የዛሬ ዘመን የመኪና ሞተር ደግሞ ጉልበቱ የሚመጣው በፍጥነት ሲዞር ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ መካከላቸው ጥርስ ወይም ቺንጋ ይገባል፤ ያ አስታራቂ ከሞተሩ ምት ጋር እየተላተመ የራሱን ንዝረት ያመጣል። ንዝረት ደግሞ ብረትን ያደክማል።

ቮልስ ከዚህ ጣጣ በከፊል ያመልጣል፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ የጓሮ አውሮፕላን ሠሪዎች የወደዱትም ለዚህ ነው። ሞተሩ ቀላል ነው። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር አይሸከምም። አራቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ የተጋደሙ ናቸው፤ አብዛኛዎቹ የትንንሽ አውሮፕላን ሞተሮችም እንዲሁ ናቸው። ፕሮፔለሩ በቀጥታ በኮሎው ጫፍ ላይ ይታሰራል። ያ ኮሎ ሲሠራ ግን የታሰበለት ክላችና ማርሽ እንዲያዞር ነበር። አየር እየቀዘፈ የሚጎትት፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫ በተነሣና በተደፋ ቁጥር የሚጠመዝዝ እንጨት ይሸከማል ብሎ ያሰበ የፋብሪካ መሐንዲስ አልነበረም። ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራ ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው፤ ሁለቱ እሳት የሚያገኙትም ከተለያየ ምንጭ ነው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ያደርሳል። ቮልስ ያለው አንድ አንድ ነው። መኪና ላይ ካንዴላ ሲበላሽ ዳር ይዞ መቆም ይቻላል። አየር ላይ ዳር የለም።

በዚህ ላይ የደጋው ቅጣት ይጨመራል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ እፍጋት ወደ 78 በመቶ ይወርዳል። ፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እኛ ደጋ ላይ 30 ያህል ብቻ ይሰጣል። ክንፉም የሚደገፍበት አየር ስለሳሳ ለመነሣት ከባሕር ዳርቻው ይልቅ 13 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሮጥ ይኖርበታል። ጉልበት ያነሰው ሞተር የበለጠ ፍጥነት ይጠየቃል ማለት ነው፤ ሜዳው በዚያው ልክ ይረዝማል። ከአሜሪካ ወይም ከፈረንሳይ በተላከ ንድፍ ላይ «200 ሜትር ይበቃል» የሚለውን አምኖ ጎጃም ላይ የሚሞክር ሰው ሳይነሣ ሜዳው ያልቅበታል።

እንግዲህ እነዚህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሊያስብባቸው ይችላል እንበል። ቢያስባቸውም ሊያያቸው አይችልም። ሠሪ የራሱን ሥራ ሲመለከት የሚያየው ልፋቱን ነው። የመሪውን ገመድ የያዘውን ብሎን ሲያይ ከፊቱ የሚመጣው ያጠበቀበት ሌሊት፣ ዳዶውን ፍለጋ የዞረው ገበያ፣ የቆረጠው ጣት ነው። «ይህንንማ አጥብቄዋለሁ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ባላንጣው ሲመጣ ግን ትዝታ የለውም። ባትሪውን አብርቶ ከክንፉ ሥር ይንበረከካል፤ ዳዶውን በጣቱ ይነካል፤ «የመቆለፊያ ሽቦው የታለ?» ይላል። ሽቦው የለም። በንዝረት ዳዶው ቀስ በቀስ ይፈታ ነበር፤ ገመዱ ይለቅ ነበር። ስህተቱን ያገኘበት ዓይን የፍቅር ዓይን ላይሆን ይችላል። ምናልባት በልቡ «ያዝኩህ!» ብሎ ደስ ብሎታል። ያ ደስታው ግን የሰው ሕይወት አትርፏል። አጨብጫቢው ፎቶግራፍ ሲያነሣ ያቺን ሽቦ አያያትም።

አሜሪካኖች ይህን ነገር ቆይተው በሥርዓት አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1953 በሚልዋኪ አካባቢ ፖል ፖበረዝኒ የሚባል ሰው የጓሮ አውሮፕላን ሠሪዎችን አሰባስቦ ማኅበር መሠረተ። ያ ማኅበር ዛሬ በየዓመቱ ኦሽኮሽ ላይ የሚጠራው ትልቅ የአውሮፕላን ጉባኤ ባለቤት ነው። እዚያ ሠሪዎች ለሽልማት ይፎካከራሉ፤ አንዱ የሌላውን ክንፍ በአጉሊ መነጽር እንደሚያይ ሆኖ ይመረምራል። ማኅበሩ ልምድ ያላቸውን ሠሪዎች ወደ ሌላው ሠሪ ጋራዥ እየላከ ሥራው ሳይሸፈን እንዲያዩለት ያደርጋል። መንግሥታቸውም ለአውሮፕላን ተብሎ ያልተሠራ ሞተር የተገጠመለትን የጓሮ አውሮፕላን ሁሉ መጀመሪያ ከሰው መኖሪያ ርቆ ቢያንስ 40 ሰዓት በሙከራ እንዲበር ሲያዝ ኖሯል። ፉክክሩና ጓደኝነቱ በአንድ ግቢ ሲያድሩ እንዲህ ይሆናል።

ሆኖም ሁሉም ፉክክር እንዲህ አያምርም። ምን ዓይነት ፉክክር እንደሚያንጽና ምን ዓይነቱ እንደሚያፈርስ ለመለየት ብዙ አሰብኩ፤ ከጥንታዊው ግሪካዊ ገጣሚ ከሄሲዮድ ጀምሮ ብዙዎች በጎ ፉክክርና ክፉ ፉክክር ብለው ለይተውታል። እነርሱ የለዩት በተፎካካሪው ልብ ነው። እኔ ግን ሰውየው ልቡን ከመመርመሩ በፊት የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። ዳኛው ማን ነው?

ዳኛው አየሩ ሲሆን ምን እንደሚመጣ አንድ የሚኔሶታ ገጠር ሰው አሳይቶናል። በርናርድ ፒተንፖል ይባላል፤ ቼሪ ግሮቭ በምትባል ትንሽ መንደር ይኖር ነበር፤ የመሐንዲስነት ትምህርት አልነበረውም። ሞደርን ሜካኒክስ የሚባለው መጽሔት አዘጋጅ ዌስተን ፋርመር የመኪና ሞተር ለአውሮፕላን አይሆንም ብሎ ጻፈ። ፒተንፖል በደብዳቤ አልተከራከረም። የፎርድ ሞዴል ኤ ሞተር የገጠመላቸውን አውሮፕላኖቹን ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ከጓደኛው ጋር ሁለቱን አብርሮ ሚኒያፖሊስ ሄደና አዘጋጁ ፊት አሳረፋቸው። ፋርመር አየ፤ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚገርመው። መጽሔቱ የፒተንፖልን አውሮፕላን ሥራ ለአንባቢዎቹ አስተማረ፤ ተቺው ዋናው አስተዋዋቂ ሆነ። ንድፉን በደንብ በወረቀት ያሰፈረለት ደግሞ ኦሪን ሁፕማን የሚባል ጓደኛው ነው። ያ አውሮፕላን፣ ኤር ካምፐር፣ ዛሬም በየጓሮው ይሠራል። ማንም ሌላውን ያላሳፈረው አየሩ ፍርዱን ለሁለቱም እኩል ስለ ሰጠ ነው። አየር ጉቦ አይቀበልም፤ ዘመድ የለውም፤ ለማዕረግም አይነሣም።

ዳኛው ፍርድ ቤት ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ከበረሩ በኋላ ፈቃዳችንን ሳታገኙ ክንፍ አታጠምዝዙ ብለው በ1909 ግሌን ከርቲስን ከሰሱ። ክርክሩ ለዓመታት ተጎተተ፤ የአሜሪካ ሠሪዎች ለፈጠራቸው ጠበቃ ሲያቆሙ አውሮፓውያን ቀድመዋቸው ሄዱ። የዓለም ጦርነት ሲመጣ በ1917 መብቱ በጋራ እንዲሆን ተደርጎ ነው ነገሩ የተቋጨው። በዚያው ዘመን ብራዚላዊው አልቤርቶ ሳንቶስ-ዱሞን የትንሿን አውሮፕላኑን የዴሙዋዜልን ንድፍ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ለቀቀ፤ የመኪና ሠሪው የዳራክ ሞተር የተገጠመላት ነበረች። ለኋለኞቹ የጓሮ ሠሪዎች መንገድ የጠረገው ያ ነጻ ስጦታ ነው።

ዳኛው ሲጠፋ፣ ጓደኝነቱ ብቻ ሲቀርስ? ፈረንሳዊው አንሪ ሚኜ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ «የሰማይ ቅማል» ብሎ የጠራትን አውሮፕላን ማንም ሰው በቀላሉ ሊሠራት ይችላል ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። በፈረንሳይና በእንግሊዝ ሕዝቡ ፍቅር ያዘው። ማኅበራት ተቋቋሙ፤ መቶዎች ሠሩ፤ ሁሉም ሌላውን ያበረታታል፤ ጠያቂ አልነበረም። በ1935 እና 1936 ሰዎች ተራ በተራ መሞት ጀመሩ። የሁለቱ አገሮች የምርምር ተቋማት አውሮፕላኗን በነፋስ ቱቦ ውስጥ ሲፈትኑ የፊትና የኋላ ክንፎቿ በጣም ተጠጋግተው፣ አፍንጫዋ አንዴ ከተደፋ አብራሪው ምንም ቢያደርግ እንደማትቃና አወቁ። በረራዋም ታገደ። ሚኜ ንድፉን አሻሽሎ ቀጠለ፤ የሞቱት ግን ሞቱ። ከጠላት ሐሜት ይልቅ የወዳጅ ሆታ የገደላቸው ሰዎች ነበሩ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ዳኛው ሰው የሆነበትን ፉክክር እናገኛለን። በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳዩ ፖቴዝ 25። በወር ውስጥ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከትሎ መጣ። አንዱ የፈረንሳይ አንዱ የጀርመን ነበርና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰማያችን የሁለት መንግሥታት መፎካከሪያ ሆነ። ዳኛው ቤተ መንግሥቱ ነበር። ከዚያ በኋላ የትሪኒዳድ ተወላጁ ሁበርት ጁሊያን መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዷትን ትንሽ አውሮፕላን በ1923 ዓ.ም. ከዘውድ በዓል በፊት በልምምድ ላይ ሰባበራት። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ ደረሰ፤ የኢትዮጵያን አየር ኃይል እስከ መምራት የደረሰው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሁለቱ ጥቁር አብራሪዎች በነሐሴ 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ በቡጢ ተጋጠሙ። የተፎካከሩበት ክንፍ አልነበረም፤ ስምና የንጉሥ ፊት እንጂ። ጁሊያን ብዙም ሳይቆይ ከአገር ወጣ።

ይኸው ሮቢንሰን ግን ሌላም ታሪክ አለው፤ ለእኛ የሚጠቅመው እርሱ ነው። ሮቢንሰን በተስኪጊ የተማረው የመኪና ሜካኒክነት ነበር። ቺካጎ ውስጥ ኮርኔሊየስ ኮፊ የሚባል ሌላ የመኪና ሜካኒክ ጓደኛ አገኘ። የበረራ ትምህርት ቤቶች ጥቁር አናስገባም ባሉበት ዘመን ሁለቱና ባልንጀሮቻቸው የሞተር ሳይክል ሞተር የሚገጠምላትን ሂዝ ፓራሶል የተባለች አውሮፕላን ሠሩ። ኋላም በሮቢንስ፣ ኢሊኖይ የራሳቸውን የማረፊያ ሜዳ አበጁ። ሁለቱ ሜካኒኮች በእጅ ጥበብ እኩያ ነበሩ፤ እኩያ ደግሞ አይፎካከርም ማለት ዘበት ነው። ፉክክራቸው ግን ካንዴላ ላይ ሳይሆን አይቀርም። የሮቢንሰን ቡጢ ለጁሊያን፣ መፍቻው ለኮፊ የዋለው በልቡ ለውጥ ይመስላችኋል? አይመስለኝም። ያው ሰው ነው። በቺካጎ ዳኛው አየሩ ነበር፤ በአዲስ አበባ ዳኛው ሰው ሆነ። ሮቢንሰን ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ አብራሪ ሲያሠለጥን ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ አዲስ አበባ ተቀበረ።

ከሰው ዳኛ ሁሉ የከፋው «የመጀመሪያው» የሚል ማዕረግ ነው። የአገራችን ፈጣሪ ወጣት ገና ብሎን ሳያጠብቅ ጋዜጠኛው «በኢትዮጵያ የመጀመሪያው» ብሎ ይጠራዋል። ይህ ማዕረግ የሚገኘው አንዴ ነው፤ አንዱ ከወሰደው ለሌላው አይተርፍም። ስለዚህ ሁለተኛው ሠሪ ከጅምሩ ጠላት ይሆናል፤ መሣሪያ አይዋስም፤ ስህተቱን አይናገርም፤ ሳያጠናቅቅ ሊቀድም ይሮጣል። መሮጥ ደግሞ በአየር ላይ ገዳይ ነው። ማዕረጉም ቢሆን ቀድሞ ተወስዷል። በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ እየነደደ ሳለ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ውስጥ «ፀሐይ»ን ሠርተዋል፤ ስሟ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ነው። ጣሊያን ማርኮ ወስዷት በሙዚየም ለአሥርት ዓመታት ቆየች፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ከእንግዲህ የመጀመሪያ መሆን አይቻልም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ቀዳሚነት ከተወሰደ የሚቀረው መፎካከሪያ ጥራት ብቻ ነውና።

ጉንደ ወይን ሆኖ ይህን ማሰብ የቀለለኝ በዲማ ምክንያት ነው። የቅኔ ተማሪ ቤት የተሠራው በዚህ ብልሃት ነው። ልጆቹ ከየመንደሩ የለመኑትን ቁራሽ አንድ ላይ አድርገው በአንድ ጎጆ ይበላሉ፤ የታመመውን ያስታምማሉ። በነጋታው እያንዳንዱ ለብቻው ወጥቶ ዛፍ ሥር ቅኔ ይቆጥራል። ተመልሶ ለመምህሩ ሲነግር ባልንጀሮቹ ጆሯቸውን ጥለው ይሰማሉ፤ ሌሊት እንጀራ ያካፈለው ልጅ «ቤት አልመታም፤ አገባቡም ተዛንፏል» ብሎ በአደባባይ ያሳጣዋል። ማንም አይቀየምም፤ ወይም ተቀይሞ ማታ እዚያው ጎጆ ያድራል። ቅኔ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ የኔ ነው ብሎ መድገም ነውር ነው። ስለዚህ ትናንት የበለጠው ልጅ ዛሬ ከባዶ ይነሣል። ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ መንገዶች የየራሳቸው ቤት፣ የየራሳቸው ኩራት አላቸው፤ ሲገናኙ ይነካካሉ፤ ግን ሦስቱም የሚገዙት ለአንድ የግእዝ ሕግ ነው። መምህሩ ራሱ ለዚያ ሕግ ይገዛል፤ ተማሪውን ወዶ ቤት ያልመታውን ቅኔ ቤት መታ ሊል አይችልም። የጓደኝነቱና የፉክክሩ ሰላም ያለው እዚህ ነው፤ ሁለቱንም የሚበልጥ ዳኛ አለ።

አንድ ሰው «ይህ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው፤ አንድ ሠሪ በመከራ የተገኘበት አገር ሁለተኛ ከየት ይመጣል?» ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል። ይመጣል። የናይጄሪያዋ ካኖ ላይ አንድ የፊዚክስ ተማሪ ከሆንዳ መኪና በወሰደው ሞተር ሄሊኮፕተር ሠርቷል፤ ኬንያም ውስጥ በመኪና ሞተር የሞከረ አለ፤ ሃርጌሳም ሞክራለች። በእኛም አገር በየክልሉ አንድ ወጣት በቆርቆሮና በቱቦ ክንፍ ሠራ የሚል ዜና በየጊዜው እንሰማለን። ሠሪ አላጣንም። ያጣነው ሠሪዎቹ እርስ በርስ የሚተያዩበትን ግቢ ነው። አንዱ በአንድ ክልል ብቻውን፣ ሌላው በሌላው ብቻውን፣ እያንዳንዱ «የመጀመሪያው» ተብሎ ተሸልሞ፣ እያንዳንዱ የሌላውን ስህተት ከሀ ጀምሮ ይደግመዋል። ሽልማቱ የምስክር ወረቀትና ላፕቶፕ ነው። ከክንፉ ሥር የሚንበረከክለት ሰው ግን አልተሰጠውም።

መፍትሔው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን የመኪና ሞተር በየዓመቱ ይፈታሉ፤ ይገጥማሉ። ከእነዚህ ግቢዎች በአንዱ ሁለት ቡድን ሁለት ክንፍ ይጀምር፤ ሦስት ቢሆኑ ይሻላል። በየወሩ መጨረሻ አንዱ የሌላውን ሥራ መርምሮ ስህተቱን በጽሑፍ ያቅርብ፤ ብዙ ስህተት ያገኘው ቡድን ይሸለም። በሲቪል አቪዬሽን ባለሙያ ሳይታይ አንዱም መሬት አይልቀቅ። ማን ቀድሞ በረረ የሚለው ጥያቄ ከነጭራሹ ይቅር፤ በምትኩ የማን ሞተር በደጋው አየር መሬት ላይ ታስሮ ሳይቋረጥ ረጅም ሰዓት ሠራ ብለን እንጠይቅ። በዚያ ፉክክር ማንም በጭብጨባ ሊያሸንፍ አይችልም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ጎረቤትህ ጓሮ ውስጥ ክንፍ ሲሠራ ብታይ አትሳቅበት፤ ለማጨብጨብም አትቸኩል። ከቻልክ አንተም ሌላ ጀምር። ካልቻልክም ባትሪህን ይዘህ ሂድና ብሎኑን እይለት።